«ስትወልጂ ነይ» የምንልሽ ለምንድን ነው?

ይህን የምነግርሽ ከጥርስ ሕክምና ክፍል ውስጥ፣ ከበሩ ወዲህ ሆኜ ነው። ነፍሰ ጡር ሆነሽ ጥርስሽን አሞሽ ስትመጪ አፍሽን ከማየታችን በፊት «ስንት ወርሽ ነው?» እንልሻለን። ከዚያ ብዙ ጊዜ የምንነግርሽ አንድ ቃል ነው፤ «በሰላም ተገላገይና ነይ»። አንቺም ለልጅሽ የተሳሳን መስሎሽ አመስግነሽ ትወጫለሽ።

ከወጣሽ በኋላ እርስ በርሳችን የምንባባለውን ግን አትሰሚም። «ነገ ጽንሱ ቢወርድ በእኔ ይላከካል» ነው የሚባለው። ውርጃ ጥርስ ተነካም አልተነካም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚያጋጥም ነገር መሆኑን ሐኪሙ ያውቃል፤ ቤተሰቡ ግን የመጨረሻውን መርፌ ያስታውሳል። ስለዚህ አንቺን ከደጅ የሚመልስሽ አብዛኛውን ጊዜ የሐኪሙ ስጋት ነው እንጂ የሕክምናው አደጋ አይደለም።

የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ምክር ሆድና አንገት ተሸፍኖ የሚነሳ የጥርስ ራጅም ሆነ ሊዶኬይን የተባለው ማደንዘዣ ለነፍሰ ጡር አስተማማኝ መሆኑን ገልጿል። አጣዳፊ የሆነ ነቀላ፣ ሙሌትና የጥርስ ሥር ሕክምናም በየትኛውም የእርግዝና ወር ሊሠራ ይችላል። ማቆየት ቀላሉን ያከብደዋል፤ ዛሬ በሙሌት የሚድን ጥርስ ከወራት በኋላ ይነቀላል።

ደግሞስ «ስትወልጂ» ማለት መቼ ማለት ነው? አራስ ቤት አለ፣ የ40 ወይም የ80 ቀን ክርስትና አለ፣ ጡት የሚጠባ ሕፃን ትተሽ ወረፋ የምትይዢበት ቀን የለም። በእኛ ወንበር የምናያት እናት ቀጠሮዋን የምታከብረው ልጁ መራመድ ሲጀምር ነው። እስከዚያ የተበላሸው ጥርስ ባክቴሪያ ማንኪያ ስትቀምሺለት በምራቅሽ ወደ ልጁ አፍ ይሻገራል። ከመውለድሽ በፊት ብትታከሚ ለእሱም ይተርፈዋል።

ሁለተኛው ሚስጥር ማስፈራሪያችንን ይመለከታል። «ድድሽን ካልታከምሽ ያለጊዜሽ ትወልጃለሽ» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። በድድ ሕመምና ያለጊዜ በመውለድ መካከል ዝምድና መታየቱ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ የታተመው፣ 823 ነፍሰ ጡሮች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ግን በእርግዝና ወቅት ድድን ማከም ያለጊዜ መውለድን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ያው ጥናት የታከሙት ሴቶች ድድ መሻሉንና ሕክምናው እነሱንም ሆነ ጽንሱን እንዳልጎዳ አረጋግጧል። ስለዚህ ፈርተሽ አትታከሚ፤ ድድሽ ስላመመሽ ታከሚ። ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ድድሽ ለምን እንደሚደማም ልንገርሽ። በእርግዝና የሚጨምሩት ሆርሞኖች የድድን የደም ሥሮች ያሰፋሉ፤ ከዚያ በፊት ድድሽን ያላስቆጣው ትንሽ ቆሻሻ አሁን ያሳብጠዋል። ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ወር ይጀምርና በስምንተኛው ይብሳል። ደም ያየች ሴት ብሩሿን ታስቀምጣለች፤ ቆሻሻው ይከማቻል፣ መድማቱም ይጨምራል። ሲደማ ለስላሳ ብሩሽ ይዘሽ በቀስታ ቀጥዪ። መፋቂያ የለመድሽም አትተዪው፤ ማታ ማታ ግን ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ቦርሺ። በጥርሶችሽ መሃል ቀይ እብጠት ብቅ ቢል ካንሰር መስሎሽ አትደንግጪ፤ አሳዪን እንጂ። እንዲህ ያለው የእርግዝና እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይከስማል።

«በእያንዳንዱ ልጅ አንድ ጥርስ ይሄዳል» የሚለውን የእናቶች ወግ በአክብሮት እሰማለሁ፣ ግን ልክ አይደለም። ሕፃኑ ካልሲየም የሚያገኘው ከምትበይው ነው፤ ካነሰም ከአጥንትሽ እንጂ ከጥርስሽ አይወስድም። ጥርስሽን የሚበላው ማስመለስ፣ የአምሮት ጣፋጭና ለስላሳ መጠጥ፣ እንዲሁም ሲያቅለሸልሽ የተተወ ብሩሽ ነው። ካስመለሰሽ በኋላ ወዲያው አትቦርሺ፤ የጨጓራ አሲድ ያለሰለሰውን የጥርስ ሽፋን ትፍቂዋለሽ። አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ውኃ በጥብጠሽ ተጉመጥመጪና ትፊው፤ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተሽ ቦርሺ።

የበለጠ የሚያስፈራኝ ከእኛ ተመልሳ ፋርማሲ የምትገባዋ እናት ነገር ነው። ዲክሎፍናክና አይቡፕሮፌን በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሕፃኑን ኩላሊት ሊጎዱና የሽርት ውኃውን ሊያሳንሱ ይችላሉ። እንደ ቴትራሳይክሊን ያሉ መድኃኒቶች ደግሞ የልጁን ጥርስ ቀለም ሊያበላሹ ይችላሉ። ለሕመም በቅድሚያ የሚመረጠው ፓራሲታሞል ነው፤ እሱም በልኩ። ከሕመም ማስታገሻ ጋር ወራትን ከመግፋት የታመመውን ጥርስ ማሳከም ለልጁ ይሻለዋል።

ስለዚህ ስትመጪ ወርሽን፣ የምትወስጂውን መድኃኒትና የደም ግፊት ወይም ስኳር ካለብሽ እሱን ንገሪን። ከዚያ «ዛሬ ምን ልትሠሩልኝ ትችላላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ይህ ጥያቄ ሐኪሙን ከስጋቱ አውጥቶ ወደ ሥራው ይመልሰዋል። አጣዳፊ ላልሆነው ሥራ ምቹው ጊዜ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ነው። ሆድሽ ከገፋ በኋላ በጀርባሽ መተኛት ዋናውን የደም ሥር ስለሚጫን ራስሽን ሊያዞርሽ ይችላል፤ ከቀኝ ዳሌሽ ሥር ትራስ እንዲደረግልሽና ወደ ግራ ዘንበል እንድትዪ ጠይቂ፤ አንፈቅድም አንልም።

ፊትሽ ካበጠ፣ ትኩሳት ካለሽ፣ አፍሽን መክፈት ወይም መዋጥ ካቃተሽ ግን ወርሽ ስንትም ይሁን ቀጠሮ አትቀበዪ። ኢንፌክሽኑ ራሱ ለአንቺም ለልጅሽም ከማንኛውም የጥርስ ሕክምና የከፋ አደጋ ነው። አንዱ ቤት ቢመልስሽ በዚያው ቀን ወደ ሌላው ሂጂ።