ቅጠል የሚመረምር ስልክ

ሞጆ ላይ መንገድ ይገነጠላል። አንዱ ወደ አዳማ ቀጥሎ ጅቡቲ ይወርዳል፤ ሌላው ቆቃን፣ መቂንና ባቱን አልፎ ሐዋሳ ይደርሳል። ደረቅ ወደቡ በር ላይ ኮንቴይነር የጫኑ ተሳቢዎች ተራ ሲጠብቁ፣ በደቡቡ በኩል ቲማቲም በሳጥን፣ ሽንኩርት በጆንያ የጫኑ አይሱዙዎች ወደ አዲስ አበባ ገበያ ይጣደፋሉ። ባሕር በር የሌላት አገር በኮንቴይነር የሚመጣላትን ዕቃ በአብዛኛው የምትቀበለው እዚህ ነው። እዚያ ግቢ የሚገባ ሁሉ ወረቀት አለው፤ ትራንዚተር ይከተለዋል፣ ዲክላራሲዮን ይሞላለታል፣ ይፈተሻል። ማሳ የሚያጠፋው ተባይና በሽታ ግን እንዲህ ያለ ወግ አያውቅም።

ቱታ አብሶሉታን እንውሰድ። የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪ ናት፤ አገሯ ደቡብ አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ስፔን ውስጥ ታየች፣ ከዚያ ሜዲትራኒያንን ዞራ፣ ሰሜን አፍሪካን አዳርሳ በ2012 ኢትዮጵያ መግባቷ ታወቀ። ትንሽ ግራጫ የእሳት ራት ስትሆን፣ ጥፋቱን የምታደርሰው እጯ ናት። በቅጠሉ የላይና የታች ገጽ መካከል ገብታ አረንጓዴውን ትበላና ስስ ሽፋኑን ብቻ ታስቀራለች። ቅጠሉ ይነጣል፣ ከዚያ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። ሌት ብላይት የሚባለው ሻጋታ መሰል በሽታም ያንኑ የቲማቲም ቅጠል ያደርቃል፤ መጀመሪያ ውኃ የነካው የሚመስል ጥቁር አረንጓዴ ነጠብጣብ ያወጣል፣ እርጥበት ሲበዛ ከቅጠሉ ሥር ነጭ አቧራ የመሰለ ነገር ይታያል። ከሩቅ ለሚያይ ሁለቱም ያው "ምች መታው" ናቸው። መድኃኒታቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ለሰርሳሪዋ ፀረ-ፈንገስ የረጨ ገበሬ ገንዘቡን ረጨ ማለት ነው፤ እሷም መብላቷን ትቀጥላለች።

ስለዚህ ጥያቄው ቀላል ነው፦ ይህ ቅጠል ምን ሆነ? መልሱን የሚያውቁ ሰዎች ሩቅ አይደሉም። የአትክልት ምርምርን በአገር ደረጃ የሚያስተባብረው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ከአዳማ ወጣ ብሎ በአሰላ መንገድ ላይ ነው። ችግሩ የዕፅዋት በሽታ ባለሙያ በየማሳው ሊቆም አለመቻሉ ነው። የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ከአፈር እስከ ከብት ሁሉም ነገር የሚጠየቅ ሰው ነው፤ ገበሬው ደግሞ ብዙ ጊዜ ምርመራውን የሚያገኘው መድኃኒት ከሚሸጥለት ባለሱቅ ነው። ባለሱቁ ምን ቢመክር እንደሚያተርፍ መናገር አያስፈልግም።

ዲፕ ለርኒንግ የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ዘርፍ የገባው በዚህ ክፍተት ነው። ስልኩ ቅጠል አያይም፤ የሚያየው ቁጥር ነው። የፎቶው እያንዳንዱ ነጥብ ቀዩ፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው ምን ያህል እንደሆነ የሚናገሩ ሦስት ቁጥሮች አሉት። ፕሮግራሙ እነዚህን ቁጥሮች በተደራረቡ ማጣሪያዎች ያሳልፋቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ጠርዝና የቀለም ለውጥ ይለያሉ፣ ቀጣዮቹ ነጠብጣብና ቀለበት፣ የኋለኞቹ የእነዚህን አቀማመጥ። ቀለበት በቀለበት የሆነ ጠባሳ የአንድ በሽታ ምልክት ነው ብሎ የሚነግረው ሰው የለም። ባለሙያ ስም የለጠፈባቸው ብዙ ሺህ ፎቶዎች ይሰጡታል፣ ይገምታል፣ ስሕተቱ ይለካል፣ የውስጥ ቁጥሮቹ በጥቂቱ ይስተካከላሉ፣ እንደገና ይገምታል። ሥልጠናው ኃይለኛ ኮምፒውተር ይጠይቃል። ከሠለጠነ በኋላ ግን ተጨምቆ ስልክ ላይ ስለሚጫን ኔትወርክ በማይደርስበት ማሳም ይሠራል።

ዘርፉን ያስጮኸው ፕላንትቪሌጅ የሚባለው የፎቶ ስብስብ ነው። 14 ሰብሎችና 26 በሽታዎች ያሉበት፣ ከ54 ሺህ በላይ ፎቶ ነው። በላዩ ላይ የሠለጠነ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት 99.35 በመቶ ትክክል መለሰ። ዜናው ዓለምን ዞረ፤ ዛሬም ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጀምረው ከዚህ ቁጥር ነው። ያው ጥናት ሌላ ቁጥርም አለው፣ ጥቂት ሰው የሚጠቅሰው። በሌላ ሁኔታ የተነሱ ፎቶዎች ሲሰጡት ውጤቱ ወደ 31 በመቶ ገደማ ወረደ።

ለምን ወረደ? የፕላንትቪሌጅ ቅጠሎች ከተክሉ ተቆርጠው፣ ወጥ ቀለም ባለው መደብ ላይ አንድ በአንድ ተዘርግተው የተነሱ ናቸው። በ2022 የወጣ ሌላ ምርመራ ነገሩን በሚያስቅ መንገድ አጋለጠው። ተመራማሪው ቅጠሉን ትቶ፣ ከየፎቶው መደብ ስምንት ነጥቦች ብቻ ወስዶ ፕሮግራም አሠለጠነ። ቅጠል አይቶ የማያውቀው ፕሮግራም 49 በመቶ ያህሉን በሽታ "አወቀ"፤ በዕድል ብቻ ቢሆን ኖሮ ሦስት በመቶም ባልሞላ። አንዱ በሽታ በአንድ ቀን፣ በአንድ ብርሃን፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ስለተነሳ ማሽኑ ጠረጴዛውን ሸምድዷል። የመቂ ማሳ ላይ ጠረጴዛ የለም። ጥላ አለ፣ አቧራ አለ፣ የተነባበረ ቅጠል አለ፣ ትናንት የተረጨው መድኃኒት የተወው ነጭ ምልክት አለ፣ ስልኩን የያዘው እጅም ይንቀጠቀጣል።

ስለዚህ እንዲህ ስላለ ፕሮግራም ስሰማ ከመቶኛው በፊት የምጠይቀው የት ተምሮ የት እንደተፈተነ ነው። መቂ ተምሮ መቂ የተፈተነ፣ ባቱ ላይ ምን እንደሚያደርግ ገና አልታወቀም። ሌላም አለ። ፕሮግራሙ ከተማራቸው ስሞች አንዱን ይመርጣል እንጂ፣ ካልተዘጋጀበት በቀር "አላውቅም" አይልም። የአረም መድኃኒት ያቃጠለውን ቅጠል አሳዩት፤ ልበ ሙሉ ሆኖ የሆነ በሽታ ስም ይሰጣችኋል።

የኛ አገር ማሳ ግን ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። አይሲኤልአር የተባለው ታላቅ የዘርፉ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ውስጥ፣ አዲስ አበባ ላይ ሊካሄድ ተወስኖ ነበር። ኮሮና መጣና ጉባኤው ወደ ኢንተርኔት ዞረ። ከጉባኤው ጋር የተያያዘ፣ ዚንዲ በተባለው መድረክ ላይ የተካሄደ ውድድር ግን ቀጠለ። ሥራው የስንዴ ፎቶ አይቶ ጤነኛ፣ የቅጠል ዋግ ወይም የግንድ ዋግ ብሎ መለየት ነበር። ከፎቶዎቹ ብዙዎቹን ሲሚት፣ ማለትም ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል፣ ከአጋሮቹ ጋር ኢትዮጵያና ታንዛኒያ ማሳ ላይ ያነሳቸው ነበሩ። ለማሠልጠኛ የተሰጡት አንድ ሺህ አይሞሉም። አንዳንዱ ፎቶ ሁለቱንም ዋግ የያዘ በመሆኑ የጎላው ብቻ ተመዝግቧል። ይህ ከተቆረጠ ቅጠል ፎቶ ይልቅ እውነተኛውን ማሳ ይመስላል።

እኔን የገረመኝ ግን የሌለው ነገር ነው፤ ቢጫ ዋግ ከምድቦቹ ውስጥ አልገባም። እ.ኤ.አ. በ2010 ኩብሳን የመሳሰሉ በሰፊው የሚዘሩ ዝርያዎችን መትቶ ከ400 ሺህ ሄክታር በላይ ስንዴ ላይ የተዛመተው ቢጫ ዋግ ነበር። በወጉ ያደገ ቅጠል ላይ እንደተሰመረ ሆኖ ይሰለፋል፤ የቅጠል ዋግ ግን ተበትኖ ይታያል። ቡቃያ ላይ ግን መስመሩ ስለማይወጣ ባለሙያውም ቆም ብሎ ያያል። ማሽኑ ቢጫ ዋግን ከነቡቃያው ካልተማረ ለአርሲና ለባሌ ገበሬ ጥቅሙ ግማሽ ነው።

ፎቶው ከየት ይምጣ ለሚል፣ ከሞጆ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ቢሾፍቱ ላይ የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። እዚያ የስንዴ ዘሮች የግንድ ዋግን መቋቋማቸው እንዲታይ በሽታው ሆን ተብሎ ይለቀቅባቸዋል፤ ባለሙያዎች በየመደቡ እየዞሩ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ይመዘግባሉ። ማሽን ለማስተማር በጣም ውድ የሆነው የባለሙያ ዳኝነት ነው፤ እዚያ ግን ሌላ ሥራ ሲሠራ አብሮ ይገኛል። ከመዝጋቢው ጎን ስልክ የያዘ አንድ ወጣት ቢቆም አዲስ ሞዴል ከመፈልሰፍ የበለጠ ዋጋ ያለው ይመስለኛል።

"ቀድሞ መለየት" የሚለውም በልኩ መታየት አለበት። የዋግ ብናኝ ቅጠል ላይ አርፎ ብጉሩ እስኪፈነዳ እንደ ሙቀቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ተራ የስልክ ካሜራ በዚህ ጊዜ የሚያየው ነገር የለም። ፎቶው "ዋግ ነው" ሲል ለዚያ ቅጠል ረፍዷል። ያልረፈደው ለጎረቤት ማሳና ነፋሱ ለሚሄድበት ወረዳ ነው። ይህን የሚያሰላ ሥርዓት ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ የያኔው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ፣ ሲሚት፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የብሪታንያ ሜትዎሮሎጂ ቢሮ የመስክ ሪፖርትን ከነፋስ ትንበያ ጋር አገናኝተው የዋግ ብናኝ ወዴት እንደሚነፍስ ያስጠነቅቃሉ። ሥርዓቱ የሚራበው ማሳ ላይ የታየ፣ ቦታና ቀን ያለው መረጃ ነው። የስልክ ፎቶ ይህን ይዞ ይመጣል፤ እኔ እንደማየው ከገበሬው በላይ የሚጠቀመው ይህ ሥርዓት ነው።

ፎቶ የማይደርስበት ጉዳይም አለ። ዲገሉ የተባለው ስንዴ ቢጫ ዋግን ስለቻለ እ.ኤ.አ. ከ2010 በኋላ በሰፊው ተዘራ። በ2013 ቲኬቲቲኤፍ የተባለ የግንድ ዋግ ዘር ባሌና አርሲ ላይ ዲገሉን አጠፋው፤ ከሞላ ጎደል ፍሬ ያልተገኘባቸው ማሳዎች ነበሩ። ብጉሩ ከሌላው የግንድ ዋግ ብጉር በመልክ አይለይም። የትኛው ዘር እንደሆነ የሚታወቀው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፦ የግንድ ዋግ ናሙና አምቦ ወደሚገኘው የምርምር ማዕከል ይሄዳል። ለቢጫ ዋግ ደግሞ ማርፕል የተባለው ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ሆለታ ላይ ተሞክሯል፤ ቀድሞ ናሙናው ውጭ አገር ተልኮ ወራት ይፈጅ የነበረውን በሁለት ቀን ገደማ ይጨርሳል።