ድርጭትን በዝምታ መቅረብ

በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ክፍል፣ በተለይም በጆርጂያና በቴክሳስ የሚታደነው ቦብዋይት የተባለ ድርጭት ክብደቱ 170 ግራም ገደማ ነው። ምግቡን የሚለቅመው መሬት ላይ ነው፤ ካልተገደደ በቀር መብረር አይወድም። በብርዱ ወራት ከ10 እስከ 15 የሚሆኑ ወፎች በአንድ መንጋ ይኖራሉ። ሌሊት ጅራታቸውን ወደ መሐል፣ ራሳቸውን ወደ ውጭ አድርገው በክብ ተጠጋግተው ያድራሉ። እንዲህ ሲሆኑ ሙቀት ይጋራሉ፤ አደጋ ከመጣም ሁሉም በአንድ ጊዜ በየአቅጣጫው ይበተናሉ።

ድርጭት ጠላት ሲመጣበት መጀመሪያ የሚመርጠው መደበቅን ነው። ዝንጉርጉር ላባው ከደረቅ ሣር ጋር ስለሚመሳሰል ባለበት ድርቅ ብሎ ይቀራል። አደኑ በሙሉ የተመሠረተው በዚህ ጠባይ ላይ ነው፤ ዝምታ የሚያስፈልገውም ወፉ ሐሳቡን እንዳይለውጥ ነው። የተረበሸ መንጋ በቁጥቋጦ ሥር እየሮጠ ይርቃል፣ ወይም ከተኩስ ርቀት ውጭ ተነሥቶ ይበራል።

ከእግር ኮቴ ይልቅ የሚጎዳው የሰው ድምፅ ነው፤ ወሬ፣ ውሻን መጣራት፣ የመኪና በር ማላተም። ስለዚህ መኪናው ራቅ ብሎ ይቆማል፣ በሩም በቀስታ ይዘጋል፤ በደንብ የሠለጠነ ውሻ በእጅ ምልክት ይታዘዛል። ፖይንተርና ሴተር የተባሉት የአደን ውሾች ነፋሱ ፊት ለፊት እየመጣባቸው እንዲያስሱ ይለቀቃሉ። የወፎቹ ጠረን ሲደርሳቸው ጅራታቸውን ቀጥ አድርገው ባሉበት ይቆማሉ። አዳኙ ያን ጊዜ ከጎን በኩል፣ ሳይሮጥና ሳያመነታ ይቀርባል፤ ቢዘገይ መንጋው በእግሩ ሾልኮ ይሄዳል። በመጨረሻ መንጋው ልብ በሚያስደነግጥ የክንፍ ድምፅ ሲነሣ አንዲት ወፍ ብቻ መርጦ ማነጣጠር ይገባል፤ ወደ መንጋው በጅምላ የሚተኩስ አብዛኛውን ጊዜ ይስታል።

መሸሸጊያ በሌለበት ሜዳ ግን ዝምታ ብቻውን አይበቃም። ተመራማሪው ኸርበርት ስቶዳርድ በ1931 ባሳተመው ጥናት፣ ወፉ የሚኖርበትን የጥድ ደን ሣር በቁጥጥር ሥር ማቃጠል ለዚህ ወፍ እንደሚጠቅም አስረድቷል። እሳቱ የተከመረውን ደረቅ ሣር አስወግዶ፣ ከላይ የሚሸፍን ከሥሩ ግን ወፎቹን የሚያስኬድ አዲስ ሣር እንዲበቅል ያደርጋል።

የተበተኑት ወፎች በፉጨት እየተጠራሩ እንደገና ይሰባሰባሉ። ሳይገናኙ ከመሸባቸው በብርድ ያለ ጓደኛ ስለሚያድሩ፣ ለመንጋው የሚያስብ አዳኝ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀደም ብሎ አደኑን ያቆማል።