የእንጦጦ ቁልቁለትና የቮልስ ፍሬን፦ ታምቡሩን በዲስክ ብንለውጥ ምን እናተርፋለን?

ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የተሠሩ ቮልስዋገን መኪናዎች፣ በተለምዶ አጠራራቸው «ቮልሶች»፣ ዛሬም በአዲስ አበባ ዳገትና ቁልቁለት ላይ ይታያሉ። የበርካታዎቹ ፍሬን በአራቱም እግር ታምቡር ነው። ባለቤቶች የፊቱን ፍሬን በዲስክ ለመለወጥ ሲያስቡ የሚሰጡት ምክንያት ብዙውን ጊዜ «ዲስክ ቶሎ ያቆማል» የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህ አባባል ምን ያህል እውነት እንደሆነ፣ ከእንጦጦ ተራሮች ወደ የካ ክፍለ ከተማ የሚወርድን መኪና ምሳሌ አድርገን እንመረምራለን።

ቶሎ የሚያቆመው ማን ነው?

መኪናን በመጨረሻ የሚያቆመው በጎማውና በአስፋልቱ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና፣ የሰበቃው መጠን 0.7 በሆነበት ደረቅ አስፋልት ላይ፣ ፍሬኑ መሥራት ከጀመረ በኋላ ለመቆም 20 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። መንገዱ ረጥቦ የሰበቃው መጠን ወደ 0.4 ቢወርድ ርቀቱ ወደ 35 ሜትር ያድጋል። ደህና የሆነ ታምቡርም ጎማውን እስከ መቆለፍ ማድረስ ስለሚችል፣ በሜዳ ላይ ለአንድ ጊዜ ብቻ ለመቆም ዲስክ የሚያተርፈው ርቀት ጥቂት ነው። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በረጅም ቁልቁለት ነው።

ቁልቁለቱ የሚያመነጨው ሙቀት

የእንጦጦ ጫፎች ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣሉ፤ ከግርጌያቸው ያለው የከተማው ክፍል ደግሞ በ2,500 ሜትር አካባቢ ይገኛል። ተሳፋሪዎቹን ጨምሮ 1,100 ኪሎ ግራም የሚመዝን ቮልስ 500 ሜትር ቁልቁል ወረደ እንበል። መጠነ ቁሱን በመሬት ስበትና በከፍታው ስናባዛ 5.4 ሚሊዮን ጁል ገደማ እናገኛለን። ይህ ኢነርጂ 18 ሊትር ያህል ውሃ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንሥቶ በአዲስ አበባ ከፍታ እስከሚፈላበት 92 ዲግሪ ገደማ ለማድረስ ይበቃል። ያንኑ መኪና ከ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንድ ጊዜ ለማቆም የሚወገደው ኢነርጂ ግን 153,000 ጁል ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱ ቁልቁለት ከ35 ተከታታይ መቆሞች ጋር እኩል ነው ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ሞተሩ፣ አየሩና ጎማው ከፊሉን ይወስዳሉ፤ የቀረው ሁሉ በፍሬኑ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

ታምቡርና ዲስክ ሲግሉ

በታምቡር ውስጥ የፍሬን ሸራዎቹ ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋሉ። የታምቡሩ ዙረት ራሱ አንዱን ሸራ እየጎተተ ስለሚያጣብቀው የእግራችን ኃይል ይበረታል። ይህ ጥቅም በሙቀት ጊዜ ወደ ጉዳት ይለወጣል። ሸራው ግሎ ሰበቃው ሲቀንስ የማጣበቅ እገዛውም አብሮ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ታምቡሩ በሙቀት ሰፍቶ ከሸራው ስለሚርቅ ፔዳሉ ወደ ታች ይጠልቃል። ሹፌሩ «ፍሬን አልይዝ አለኝ» የሚለው ያኔ ነው።

ዲስክ ግን ከሁለት ወገን በሸራ የሚጨመቅ፣ ለአየር የተጋለጠ ሰሌዳ ነው። ሲግል ውፍረቱ የሚጨምረው ወደ ሸራው ስለሆነ ከሸራው አይርቅም። በክረምት የሚያገኘውንም ውሃ በዙረቱ ቶሎ ያራግፋል። እ.ኤ.አ. በ1953 ዲስክ ፍሬን የገጠመው ጃጓር በፈረንሳይ የለማን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈው፣ ደጋግሞ ፍሬን መያዝ በሚያስፈልግበት ውድድር ላይ ነው። ቮልስዋገንም እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ለአውሮፓ ገበያ ባቀረበው ባለ 1500 ሞተር ቮልስ ላይ የፊት ዲስክ ገጥሟል። በአዲስ አበባ ታክሲነት ለብዙ ዓመታት ያገለገለው ላዳም ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር ነበረው።

የከፍታው ተጽዕኖ

በ3,000 ሜትር ላይ የአየሩ እፍግታ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ዲስክንም ታምቡርንም የሚያቀዘቅዘው አየር ያነሰ ነው። ሌላም ነገር አለ። ዲስክ የታምቡር ዓይነት የራስ እገዛ ስለሌለው ጠንካራ እግር ይፈልጋል። ሰርቮ የሚባለው አጋዥ ቢገጠምለትም፣ ሰርቮው የሚሠራው በከባቢ አየር ግፊት ነው፤ ይህ ግፊት በዚያ ከፍታ ከባሕር ወለሉ 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ እገዛው ይቀንሳል።

የፍሬን ዘይትም መታሰብ አለበት። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይመጥጣል። በደረጃው መሠረት አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ፣ እርጥበት የያዘው ግን ቢያንስ እስከ 140 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ለዶት 4 ቁጥሮቹ 230 እና 155 ናቸው። ዘይቱ ከፈላ የሚፈጠረው እንፋሎት ስለሚታመቅ ፔዳሉ እስከ ወለል ይወርዳል፤ ዲስኩ ምንም ያህል አዲስ ቢሆን መኪናው አይቆምም።

ከዲስኩ ጋር ምን ይለወጥ?

አንደኛ፣ የዲስክ ፒስተን ከታምቡር ፒስተን ስለሚሰፋ ብዙ ዘይት ይፈልጋል፤ ማስተር ሲሊንደሩ ይህን ማቅረብ መቻል አለበት። ሁለተኛ፣ ለታምቡር የተሠራ ማስተር ሲሊንደር በቧንቧው ውስጥ ጥቂት ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ ሊኖረው ይችላል። ይህ ቫልቭ ለዲስክ ከተተወ ሸራው ዲስኩን ሳይለቅ እየፈተገ ያግለዋል። ሦስተኛ፣ የፊትና የኋላ ሚዛን መጠበቅ አለበት። የቮልስ ሞተር ከኋላ ስለሆነ የፊቱ ጎማ የሚሸከመው ክብደት ከግማሽ በታች ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ግን ክብደቱ ወደ ፊት ያጋድላል። የፊቱ ያለ ልክ ከበረታ የፊት ጎማ ቀድሞ ተቆልፎ መሪው አይታዘዝም፤ የኋላው ቀድሞ ከተቆለፈ ደግሞ መኪናው ይዞራል።

በአጭሩ፣ የፊት ዲስክ የሚሰጠን ትርፍ በቁልቁለቱ መጨረሻም እንደ መጀመሪያው የሚይዝ ፍሬን ነው። ይህም የሚሆነው ማስተር ሲሊንደሩ ተስማሚ፣ ዘይቱ አዲስ፣ ጎማው ያላለቀ ሲሆን ነው። ዲስክ ያለውም የሌለውም ሹፌር ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት ዝቅተኛ ማርሽ ቢያስገባ፣ ከ5.4 ሚሊዮኑ ጁል ከፊሉን ሞተሩ ይሸከምለታል፤ የቀረውን ፍሬኑ ያለ ብዙ ሙቀት ይችለዋል።