የቅድመ አያት ዘመን በስሌት ሲፈተሽ

የልደት መዝገብ የሌለው ቅድመ አያት የተወለደበትን ዓመት ማወቅ ይቻላልን? ማስረጃው ብዙውን ጊዜ በአረጋውያን አንደበት ይገኛል። «በክፉ ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ ተወለደ» የሚለው አነጋገር ሁለት መለኪያዎችን ይዟል። ክፉ ቀን የተባለው፣ በከብት በሽታ የተነሣው ታላቅ ረኃብ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ቆይቷል። የወንጌላውያን ዘመን ደግሞ በየአራት ዓመቱ ይዞራል፤ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። በረኃቡ ዓመታት ሉቃስ የሚውለው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ1883 ዓ.ም. ነው። «በዘመነ ዮሐንስ» ቢባል ግን 1880 እና 1884 ሁለቱም ስለሚስማሙ ተጨማሪ ማስረጃ ያሻል።

ስሌቱ የቤተሰብንም ትረካ ይፈትናል። ያው ሰው «ዓድዋ ዘምቷል» ከተባለ፣ በየካቲት 1888 ዓ.ም. ገና የአራት ወይም የአምስት ዓመት ሕፃን ነበር። እንግዲህ ወይ የዘመተው ሌላ ሰው፣ ምናልባትም አባቱ ነው፤ ወይም ከልደቱ ምልክቶች አንዱ ስሕተት አለበት።

ይህን የሚያጣሩልን አረጋውያን በሕይወት ሳሉ «ስንት ዓመቱ ነበር?» ብቻ ሳይሆን «በማን ዘመን? በምን ወቅት?» ብለን እንጠይቅ፤ መልሱንም እንደ ተነገረ እንጻፈው።