ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን

የጌታችን የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በደረሰ ቁጥር ዓይነ ልቡናችን ወደ ቤተ ልሔም ያቀናል። በረቱ፣ እረኞቹ፣ የመላእክቱ ዝማሬና የሰብአ ሰገል እጅ መንሻ በየዓመቱ ይታወሱናል። ይሁን እንጂ የአባቶቻችን የዘመን አቆጣጠር ከበረቱ በፊት ስለነበረው ጊዜ የሚነግረን ቁም ነገር አለ። የመልአኩ የቅዱስ ገብርኤል ብሥራትና የጌታ ፅንሰት የሚታሰበው መጋቢት 29 ቀን ሲሆን ልደቱ የሚከበረው ታኅሣሥ 29 ቀን ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን፣ ማለትም 275 ቀን ይሆናል። ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆና ስታልፍ፣ በተከታዩ ዘመነ ዮሐንስ ልደት ታኅሣሥ 28 ቀን የሚውለውም ይኸው ቁጥር እንዳይፋለስ ነው። የልደት ቀን የሚወሰነው ከፅንሰት ቀን ተቆጥሮ ነው ማለት ነው።

የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም ብሥራትን ማርች 25 ቀን፣ ልደትን ዲሴምበር 25 ቀን ታከብራለች። ቢቆጠር ይህም ያው 275 ቀን ነው። በጥንቱ የዩልዮስ አቆጣጠር መጋቢት 29 እና ማርች 25 አንድ ቀን ነበሩ፤ ዛሬ በ13 ቀን የተራራቁት ምዕራባውያን ከ1582 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አቆጣጠራቸውን ስላሻሻሉ ነው።

ሌላም የሚያገናኝ ታሪክ አለ። የብሥራት በዓል በዐቢይ ጾም ወራት ስለሚውል፣ በስፔን አገር በጦሌዶ ከተማ በ656 (እ.ኤ.አ.) የተሰበሰቡ ጳጳሳት በዓሉ ከልደት ስምንት ቀን አስቀድሞ፣ ዲሴምበር 18 ቀን በድምቀት እንዲከበር ወሰኑ። ያ ቀን በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ነው። በተአምረ ማርያም ስሙ የሚነሣው፣ እመቤታችን ልብስና ወንበር የሰጠችው ኤጲስ ቆጶስ ደቅስዮስም ላቲኖቹ ኢልደፎንሶ የሚሉት የዚያችው የጦሌዶ ሊቀ ጳጳስ ነው። በእምነት ሥርዓት ተለያይተው የኖሩ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት የፅንሰትን በዓል በማክበር ረገድ ይህን ያህል ይቀራረባሉ።

ካቶሊካውያን ስለ ፅንስ ሕይወት የሚያስተምሩትን ትምህርት ለመረዳትም መነሻው ይኸው በዓል ነው።

በብሥራት ቀን የወጣ መልእክት

የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ «ወንጌለ ሕይወት» የተሰኘውን ሐዋርያዊ መልእክታቸውን የፈረሙት ማርች 25 ቀን 1995 (እ.ኤ.አ.)፣ በብሥራት በዓል ዕለት ነው። ጉዳዩ ቀደም ሲል በ1991 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው የካርዲናሎች ጉባኤ ላይ ተመክሮበት፣ የዓለም ጳጳሳትም በደብዳቤ ተጠይቀውበት ነበር። መልእክቱ የተጻፈው ለካቶሊካውያን ብቻ ሳይሆን በጎ ፈቃድ ላላቸው ሰዎች ሁሉ ነው።

የትምህርቱ አስኳል አጭር ነው። የሰው ሕይወት ከተፀነሰበት ከመጀመሪያው ቅጽበት ጀምሮ እንደ ሰው ሊከበርና ሊጠበቅ ይገባዋል፤ ስለዚህም ፅንስን ሆን ብሎ ማጥፋት፣ ራሱ ግብ ቢሆንም ወይም ወደ ሌላ ግብ መድረሻ ቢደረግም፣ በማናቸውም ጊዜ ከባድ በደል ነው። ጽሑፉ ተጠያቂነቱን በእናቲቱ ላይ ብቻ አይጥልም። እንድታስወርድ የሚገፋፋት ወይም በችግሯ ጊዜ ጥሏት የሚሄደው አባት፣ የሚጫኗት ቤተሰቦች፣ ሐኪሞችና ሕግ አውጪዎች ጭምር የበደሉ ተካፋዮች መሆናቸውን ይናገራል።

«በማሕፀን ያለው በውነት ሰው ነውን?» ብሎ የሚጠራጠር ቢኖርስ? ለዚህ የሚሰጠው መልስ ጥርጣሬው ራሱ እጅን ሊያስሰበስብ ይገባል የሚል ነው። አንድ ገበሬ ገለባውን ሊያቃጥል እሳት ይዞ ሳለ፣ ከክምሩ ሥር ልጅ ተኝቶ እንደሆነ ቢጠራጠር፣ «እርግጠኛ አይደለሁም» ብሎ አይለኩስም። አስቀድሞ ይፈትሻል፤ መፈተሽ ካልቻለም ይተወዋል።

ከመጽሐፍ ቅዱስ የሚጠቀሰው ዋና ምስክርም ከልደት ታሪክ የራቀ አይደለም። እመቤታችን ብሥራቱን ሰምታ ወደ ተራራማው የይሁዳ አገር በፈጠነች ጊዜ ኤልሳቤጥ ከፀነሰች ስድስተኛ ወሯ ነበር። የሰላምታውን ድምፅ ሰምቶ በማሕፀን የዘለለው ዮሐንስ ገና አልተወለደም፤ የዘለለለት ጌታም ከተፀነሰ ጥቂት ቀን ቢሆነው ነው። በወንጌሉ መሠረት ጌታን በደስታ ከተቀበሉት አንዱ ያልተወለደ ሕፃን ነበር።

ከኬልቄዶን በፊት

ይህ ትምህርት በቅርብ ዘመን የተፈጠረ አይደለም። በጥንቱ የሮማ መንግሥት አባት አዲስ የተወለደ ልጁን የመጣል ሥልጣን ነበረው፤ ፅንስ ማስወረድም የተለመደ ነበር። ክርስቲያኖች ግን ሁለቱንም በአንድነት እንደ ነፍስ ማጥፋት ቆጥረው ከለከሉ። ከሐዋርያት ዘመን ብዙም ሳይርቅ እንደተጻፈ የሚገመተው «ዲዳኬ» የተባለው መጽሐፍ ክልከላውን በግልጽ አስፍሮታል።

በ314 (እ.ኤ.አ.) በዕንቆራ፣ በዛሬዋ የቱርክ ዋና ከተማ በአንካራ፣ የተሰበሰቡ አባቶች ይህን በደል የፈጸመች ሴት እስከ ዕለተ ሞቷ ከቁርባን እንድትለይ ያዝዝ የነበረውን የቀድሞውን ሥርዓት አለዝበው ንስሐውን ዐሥር ዓመት አደረጉት። ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስም ይህንኑ ዐሥር ዓመት ተቀብሎ፣ መታየት ያለበት የዘመኑ ርዝመት ሳይሆን የንስሐው ጥልቀት መሆኑን አክሎ ጽፏል፤ ፅንሱ ቅርጽ ይዟል አልያዘም እያሉ መከራከርንም አልተቀበለውም። እነዚህ ሁሉ አብያተ ክርስቲያናት በ451 (እ.ኤ.አ.) በኬልቄዶን ከመለያየታቸው በፊት የነበሩ በመሆናቸው የምሥራቁም የምዕራቡም የጋራ ቅርስ ናቸው።

በምዕራቡ ዓለም ክርክሩ ረጅም ዘመን ፈጅቷል። እንደ ቶማስ አኵዊናስ ያሉ የመካከለኛው ዘመን ሊቃውንት የአርስጣጣሊስን አስተሳሰብ ተከትለው፣ ነባቢት ነፍስ ለፅንሱ የምትሰጠው አካሉ ቅርጽ ሲይዝ ነው ይሉ ነበር። በዚህም የተነሣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከ1591 እስከ 1869 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ቅርጽ በያዘውና ባልያዘው ፅንስ መካከል የቅጣት ልዩነት አድርጋለች። ይሁንና ያላጸደቀችው አንድ ነገር አለ፦ በየትኛውም ደረጃ ላይ ያለውን ፅንስ ማጥፋት ኃጢአት አይደለም የሚል ትምህርት አላወጣችም። በ1974 (እ.ኤ.አ.) ከቫቲካን የወጣው መግለጫም ነፍስ በየትኛው ቅጽበት ትሰጣለች የሚለውን የፍልስፍና ጥያቄ ሳይቋጭ፣ ክልከላው ግን በዚያ ጥያቄ ላይ የተንጠለጠለ አለመሆኑን አስረድቷል።

እናትና ልጅ በአንድ ሚዛን ሲቀመጡ

ትምህርቱ ከባድ ፈተና የሚገጥመው የእናቲቱ ሕይወት ለአደጋ ሲጋለጥ ነው። በዚህ ላይ ካቶሊካውያን ደጋግመው የሚያነሡት የጣሊያናዊቷን የሕፃናት ሐኪም የጃና በረታ ሞላን ታሪክ ነው።

ጃና በ1922 (እ.ኤ.አ.) በሚላኖ አቅራቢያ በምትገኘው በማጀንታ ተወለደች። የሦስት ልጆች እናት ነበረች። በ1961 (እ.ኤ.አ.) አራተኛ ልጇን በፀነሰች በሁለተኛው ወር በማሕፀኗ ላይ እጢ ተገኘባት። ከፊቷ ሦስት መንገዶች ነበሩ። አንደኛው ማሕፀኑን ከነእጢው ማውጣት ነው፤ ይህ ለእናቲቱ ከሁሉ የሚሻል ሲሆን ፅንሱ ግን አይተርፍም። ሁለተኛው እጢውን አውጥቶ ፅንሱን ማስወረድ ነው። ሦስተኛው ፅንሱን ሳይነኩ እጢውን ብቻ ማውጣትና የሚመጣውን አደጋ መቀበል ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነጥብ አለ። የካቶሊክ ትምህርት የመጀመሪያውን መንገድ አይከለክልም። ሐኪሙ የሚያክመው የታመመውን ማሕፀን ነው፤ የፅንሱ ሞት ሳይፈለግ የሚከተል ሐዘን እንጂ የሕክምናው ግብም መሣሪያም አይደለም። ሁለተኛው ግን ፅንሱን በቀጥታ ማጥፋት ስለሆነ አይፈቀድም። ጃና ሕጉ ከሚያስገድዳት አልፋ ሦስተኛውን መረጠች። እንደ ሐኪም አደጋውን ታውቅ ነበር፤ ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ቢሆን ልጁን እንዲያድኑ አሳሰበች። ኤፕሪል 21 ቀን 1962 (እ.ኤ.አ.) ሴት ልጅ ወለደች፤ ከሰባት ቀን በኋላም በ39 ዓመቷ ዐረፈች። በሜይ 16 ቀን 2004 (እ.ኤ.አ.) ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ቅድስት ብለው ሲሰይሟት፣ ባለቤቷና ያቺው በሞቷ ዋዜማ የወለደቻት ልጅ በሥነ ሥርዓቱ ላይ ተገኝተዋል። ልጅቷም እንደ እናቷ ሐኪም ሆናለች።

የመንግሥታት ሕግ ግን ሁልጊዜ በዚህ መንገድ አይሄድም። በአገራችን ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ፅንስ ማስወረድን በመርሕ ደረጃ ቢከለክልም፣ በአስገድዶ መድፈር ወይም በዘመዳሞች መካከል በተፈጸመ ግንኙነት ሲፀነስ፣ የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ ሲወድቅ እንዲሁም በሌሎች በተዘረዘሩ ምክንያቶች ይፈቅዳል። የካቶሊክ ትምህርት ግን በግፍ የተፀነሰ ሕፃንም ግፉን የፈጸመው እሱ አይደለምና የአባቱን ዕዳ አይክፈል ይላል። ይህ ቃል ለተደፈረች ልጃገረድ እጅግ የሚከብድ ሸክም ነው። ስለሆነም ቃሉን የሚናገር ሁሉ ሸክሙን አብሮ ለመሸከም ካልተዘጋጀ በስተቀር ትምህርቱ ምሉዕ አይሆንም።

ከቃል ወደ ተግባር

የፊረንዜ ከተማ ይህን ቀድማ የተረዳች ይመስላል። በዚያ በ1445 (እ.ኤ.አ.) በሩን ለተጣሉ ሕፃናት የከፈተ ትልቅ ቤት አለ። ያሠራው የሐር ነጋዴዎች ማኅበር ሲሆን፣ ንድፉን ያወጣው ዝነኛው የሕንፃ ሊቅ ብሩነሌስኪ ነው። ስሙም በሄሮድስ ሰይፍ በቤተ ልሔም ለተገደሉት ሕፃናት መታሰቢያ ሆኖ «የንጹሓን ቤት» ተባለ። በፊቱ ግድግዳ ላይ በመጠቅለያ ጨርቅ የተጠቀለሉ ሕፃናት ምስል እስከ ዛሬ ይታያል። እመ ምኔት ቴሬዛም በ1979 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲቀበሉ ስለ ፅንስ መናገራቸው ይታወሳል። እናት ማሳደግ ያቃታትን ልጅ ለእኛ ትስጠን ማለትን ልማዳቸው አድርገው ነበር፤ ያቋቋሙት የእኅቶች ማኅበር በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎም ድኩማንን ያስጠልላል።

የወደቀችውን ለማንሣትም በር አልተዘጋም። «ወንጌለ ሕይወት» ፅንስ ላስወረዱ ሴቶች ለይቶ በተናገረበት ክፍል ተስፋ እንዳይቆርጡ፣ የሆነውን በእውነት ተመልክተው ወደ ንስሐ እንዲቀርቡ ይመክራል። በቀኖናው መሠረት ይህ በደል ከማኅበረ ምእመናን የሚለይ ቅጣት ያስከትላል። ሆኖም ጳጳስ ፍራንቸስኮስ በ2015 (እ.ኤ.አ.) በተጀመረው የምሕረት ዓመት ካህናት ሁሉ ተናዛዡን ከዚህ ኃጢአት እንዲፈቱ ሥልጣን ሰጡ፤ በኖቬምበር 2016 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ፈቃዱን ያለ ጊዜ ገደብ አራዘሙት። የዕንቆራ አባቶች የቀደመውን ሥርዓት ባለዘቡበት መንፈስ ማለት ነው።

ውድ አንባብያን፣ በዛሬው በዓል ዶሮው ተሠርቶ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ቤተ ዘመድ ሲሰበሰብ፣ በየመንደሩ ሆዷ እየገፋ መሄጃ ያጣች አንዲት ልጅ አትጠፋም። ምናልባት ከገጠር መጥታ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ ምናልባትም የገዛ ቤተሰቦቿ ከደጃፍ የመለሷት ትሆናለች። ጻድቁ ዮሴፍም የእመቤታችንን መፅነስ ባየ ጊዜ በስውር ሊተዋት አስቦ ነበር፤ የመልአኩን ቃል ሰምቶ ግን ወደ ቤቱ ወሰዳት። በቤተ ልሔም የእንግዳ ማረፊያ ስፍራ ቢጠፋ እንኳ ከጎኗ አልተለየም። ለአንዲት ነፍሰ ጡር የሚነፈግ ማደሪያ ለሁለት ነፍስ የተነፈገ ነውና፣ በዓሉን ስናከብር ደጃችንን ዘወር ብለን እንይ።

መልካም የልደት በዓል ይሁንልዎ!