አዲስ ፕሮሰሰር ሲመጣ፦ ሶፍትዌር የሚገነባባቸውና የሚፈተንባቸው ማሽኖች

እንደሚታወቀው ማንኛውም የኮምፒውተር ፕሮግራም በመጨረሻ የሚተረጎመው ወደ ፕሮሰሰሩ ትዕዛዞች ነው። ሁሉም ፕሮሰሰሮች ግን አንድ ዓይነት የትዕዛዝ ስብስብ የላቸውም። በብዙ የጠረጴዛ ኮምፒውተሮች ውስጥ የሚገኘው የኤክስ86 አርክቴክቸር የሚረዳውን ትዕዛዝ በእጅ ስልኮች ውስጥ ያለው የአርም አርክቴክቸር አይረዳውም። ስለዚህ አዲስ አርክቴክቸር በተፈጠረ ቁጥር በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮግራሞች ለእርሱ እንደገና መገንባትና መፈተን ይኖርባቸዋል። ይህ ሥራ በምን ዓይነት ማሽኖች ላይ እንደሚከናወንና ማሽኖቹ በኢንተርኔት በኩል በኪራይ መቅረባቸው ለምን እንዳስፈለገ፣ ሪስክ-ፋይቭ የተባለውን አርክቴክቸር ምሳሌ በማድረግ እንመለከታለን።

የሪስክ-ፋይቭ ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ፣ በፕሮፌሰር ክርስቴ አሳኖቪችና በተማሪዎቻቸው ነው። የትዕዛዝ ስብስቡ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ ማንኛውም ኩባንያ ወይም ዩኒቨርሲቲ ለትዕዛዝ ስብስቡ የፈቃድ ክፍያ ሳይጠየቅ ፕሮሰሰር ሊነድፍበት ይችላል። የሊኑክስ ከርነልም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 በወጣው በ4.15ኛው ዕትሙ ይህን አርክቴክቸር መደገፍ ጀምሯል። ይሁን እንጂ ከርነል ብቻውን ለተጠቃሚ አይበቃም፤ በላዩ የሚሠሩት ፕሮግራሞች ሁሉ አብረው መምጣት አለባቸው።

ሦስት መንገዶች

ለአዲስ አርክቴክቸር ፕሮግራም ለማዘጋጀት ሦስት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው በፈጣን የኤክስ86 ማሽን ላይ ሆኖ ለሌላ ፕሮሰሰር በሚተረጉም ኮምፓይለር መገንባት ነው። ይህ ፈጣን ቢሆንም የተገነባው ፕሮግራም እዚያው ማሽን ላይ ስለማይሠራ ትክክለኛነቱን ማየት አይቻልም። ሁለተኛው ኢሙሌተር የሚባለውን አስመሳይ ፕሮግራም መጠቀም ነው። ከእነዚህ መካከል ፋብሪስ ቤላርድ የጀመረው ኪዩኢሙ በሰፊው የታወቀ ሲሆን፣ የሪስክ-ፋይቭን ትዕዛዞች ወደ ኤክስ86 ትዕዛዞች እየለወጠ ያስኬዳል፤ ፍጥነቱ ግን በእጅጉ ይቀንሳል። ሦስተኛው በእውነተኛው ፕሮሰሰር ላይ መገንባትና መፈተን ነው። እያንዳንዱ መንገድ የሚያሳየውና የሚሰውረው ስሕተት አለው።

የ«ሀ» ፊደል ምሳሌ

ለዚህ ማስረጃ ከራሳችን ፊደል እንውሰድ። «ሀ» በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ የምትቀመጠው በሦስት ባይት ሲሆን ባይቶቹም 225፣ 136 እና 128 ናቸው። በሲ ቋንቋ አንድ ባይት የሚይዘው ቻር የተባለው ዓይነት በሊኑክስ ላይ ለኤክስ86 ሲገነባ አሉታዊ ቁጥርንም ይይዛል፤ በመሆኑም እነዚሁ ባይቶች -31፣ -120 እና -128 ሆነው ይነበባሉ። ለሪስክ-ፋይቭ ሲገነባ ግን ቻር አሉታዊ ቁጥር አይዝም። እንግዲህ አንድ ፕሮግራመር «ባይቱ ከዜሮ ካነሰ ተራ የላቲን ፊደል አይደለም» የሚል መስመር ቢጽፍ ፕሮግራሙ በኤክስ86 ላይ በትክክል ይሠራል። በሪስክ-ፋይቭ ላይ ግን ያ ሁኔታ ፈጽሞ አይሟላም፤ «ሀ» እንደ ሦስት የላቲን ፊደላት ትቆጠራለች፤ የአማርኛው ጽሑፍም ከፊደል መካከል ሊቆረጥ ይችላል። ኮምፓይለሩ በተለመደው አሠራሩ በሁለቱም ላይ ያለ ቅሬታ ይገነባዋል። ስሕተቱ የሚታየው ፕሮግራሙ ሲሠራ፣ ያውም በአማርኛ ጽሑፍ ሲፈተን ብቻ ነው። ይህን ኢሙሌተርም ሊያሳየን ይችላል።

ኢሙሌተር የሚሰውረው ስሕተት

ሌላ ዓይነት ስሕተት ደግሞ አለ። አንዱ የፕሮሰሰር ኮር በመጀመሪያ አንድ መረጃ ማህደረ ትውስታ ላይ ጽፎ ቀጥሎ «መረጃው ተዘጋጅቷል» የሚል ምልክት ያስቀምጣል እንበል። ሌላው ኮር ምልክቱን አይቶ መረጃውን ያነባል። ኤክስ86 ጽሕፈቶቹ በተጻፉበት ቅደም ተከተል እንዲታዩ ያደርጋል። የሪስክ-ፋይቭ ሕግ ግን ፕሮግራመሩ ፌንስ የተባለውን ትዕዛዝ ወይም ተመሳሳይ ሥርዓት ካላስገባ ምልክቱ ከመረጃው ቀድሞ እንዲታይ ይፈቅዳል። በዚህ ጊዜ ሁለተኛው ኮር ያረጀ መረጃ ሊያነብ ይችላል። ኢሙሌተሩ የሚሠራው በኤክስ86 ማሽን ላይ ከሆነ የዚያን ማሽን ጥብቅ ሥርዓት ስለሚወርስ ስሕተቱ ብዙውን ጊዜ ተሰውሮ ያልፋል። እውነተኛ ማሽን የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ማሽኑን በኢንተርኔት መከራየት

እያንዳንዱ ፕሮግራመር አዲስ ቦርድ ገዝቶ ቤቱ ያስቀምጥ ማለት ግን አይቻልም። ስኬልዌይ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ የሪስክ-ፋይቭ ሰርቨሮችን በሰዓት ሒሳብ ማከራየት የጀመረው ይህን ችግር ለማቃለል ነው። እያንዳንዱ ሰርቨር ባለ4 ኮር ፕሮሰሰር፣ 16 ጊጋባይት ማህደረ ትውስታና 128 ጊጋባይት ማከማቻ ነበረው።

የእነዚህ ማሽኖች የዕለት ሥራ በቅደም ተከተል ሲታይ እንዲህ ነው። በፕሮግራሙ ላይ ለውጥ ሲደረግ ማሽኑ ንጹሕ ስርዓተ ክወና ይጫንበታል፤ ኮዱን አውርዶ ይገነባል፤ ሙከራዎቹን ያካሂዳል፤ ውጤቱን መዝግቦ ይልካል፤ በመጨረሻም ይጠረጋል። መጠረጉ አስፈላጊ የሆነው ካለፈው ሥራ የቀረ ፋይል የሚቀጥለውን ውጤት እንዳያዛባ፣ የአንዱ ተከራይ ኮድም ሌላውን እንዳይጎዳ ነው። በተጨማሪም ሙከራው ማሽኑን ቢያቆመው ከሩቅ ኃይሉን ቆርጦ እንደገና ማስነሳት መቻል አለበት። ትናንሽ ቦርዶች ብዙውን ጊዜ ይህን መሣሪያ ይዘው ስለማይመጡ አከራዩ ከውጭ ሊያዘጋጅላቸው ይገባል።

የዴቢያን ሊኑክስ ታሪክም የእውነተኛ ማሽንን ጥቅም ያሳያል። ሪስክ-ፋይቭ በዴቢያን ይፋዊ አርክቴክቸር ሆኖ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሞቹ በድርጅቱ ቁጥጥር ሥር ባሉ ማሽኖች እንደገና ተገንብተዋል። የተገነባን ፕሮግራም ማን፣ በየትኛው ማሽን ላይ እንደገነባው ካልታወቀ ሊታመን አይችልምና። በኦገስት 2025 የወጣው ዴቢያን 13 ይህን አርክቴክቸር በይፋ የደገፈ የመጀመሪያው ዕትም ነው።

እውነተኛ ማሽንም ወሰን አለው

እውነተኛ ማሽን መገኘቱ ግን የነገሩ ፍጻሜ አይደለም። በስኬልዌይ ሰርቨሮች ውስጥ የነበረው ፕሮሰሰር የቬክተር ትዕዛዞችን የሚደግፈው በ0.7.1 ረቂቅ መሠረት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የጸደቀው 1.0 ደረጃ ደግሞ ከረቂቁ ጋር አይጣጣምም። ስለዚህ ለጸደቀው ደረጃ የተጻፈ የቬክተር ፕሮግራም በዚያ ማሽን ላይ ሊፈተን አይችልም ነበር። በተመሳሳይም በኦክቶበር 2025 የወጣው ኡቡንቱ 25.10 አርቪኤ23 የተባለውን አዲስ መስፈርት ሲጠይቅ፣ በዚያን ጊዜ ገበያ ላይ የነበሩት ቦርዶች በአብዛኛው መስፈርቱን ስለማያሟሉ ሞካሪዎች ወደ ኢሙሌተር ተመልሰዋል።

ከዚህ የምንረዳው ሦስቱ መንገዶች የሚደጋገፉ እንጂ አንዱ ሌላውን የሚተካ አለመሆናቸውን ነው። «ተገንብቷል» ማለት «ይሠራል» ማለት አይደለም፤ «ይሠራል» ስንልም በየትኛው ማሽን፣ በምን ዓይነት ጽሑፍ እንደተፈተነ አብረን መናገር አለብን። ኪዩኢሙ በነጻ የሚገኝ ስለሆነ የፕሮግራም ጽሕፈት የሚማሩ አንባቢዎቻችን የ«ሀ»ን ሙከራ በራሳቸው ኮምፒውተር ላይ ሊያደርጉት ይችላሉ። ሌሎች የሚጽፏቸው የሙከራ ጽሑፎች በላቲን ፊደል ብቻ ከቀሩ፣ የአማርኛን ስሕተት በአዲሱ ማሽን ላይ ቀድሞ የሚያገኘው ተጠቃሚው ይሆናል። የአማርኛ ሙከራዎችን ማዘጋጀት እንግዲህ ቋንቋውን ከሚያውቁት የሚጠበቅ ድርሻ ነው።