ሙቀት ፍለጋ የሚወርዱ ጡረተኞች

60 ዓመት ሊሞላን ጥቂት የቀረን የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ስንገናኝ ከማይቀሩት የጨዋታ ርዕሶች አንዱ ከጡረታ በኋላ የት እንደምንኖር ነው። ቢሾፍቱ፣ ሐዋሳና አዳማ ተደጋግመው ይነሳሉ። ለምን ብዬ ስጠይቅ ከብዙዎቹ የማገኘው መልስ አጭር ነው፤ «ብርዱ»።

መልሱ መሠረት አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ቢሾፍቱ 1,900፣ ሐዋሳ 1,700፣ አዳማ ደግሞ 1,600 ሜትር ገደማ ናቸው። ከፍታው 100 ሜትር በቀነሰ ቁጥር ሙቀቱ በግምት በ0.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚጨምር፣ ወደ አዳማ የሚወርድ ሰው 5 ዲግሪ ያህል ተጨማሪ ሙቀት ያገኛል። ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት ሙቀት የማመንጨትና የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ በብርድ ጊዜም የደም ሥሮች ስለሚጠቡ የደም ግፊት ከፍ ይላል። በዚያ ላይ በአዲስ አበባ ከአየሩ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ላይ ከሚገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሳንባቸው የደከመ ሰዎች ዝቅ ወዳለ ቦታ ሲሄዱ መተንፈስ የሚቀልላቸው ለዚህ ነው።

ይሁንና ሙቀትም የራሱ ጣጣ አለው። አረጋዊ ሰው ውኃ ጥም ቶሎ አይሰማውም፤ በላብ ራሱን የማቀዝቀዝ አቅሙም ይዳከማል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2003 በፈረንሳይ በደረሰው ከባድ ሙቀት 15,000 ያህል ሰዎች ሲሞቱ አብዛኞቹ አረጋውያን ነበሩ። የእኛዎቹ ከተሞች እንደዚያ አይግሉም። የእነርሱ ችግር ወባ ነው። በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለው ምድር በአብዛኛው ለወባ የተጋለጠ ሲሆን፣ ሦስቱም ከተሞች ከዚህ መስመር በታች ናቸው። ዕድሜውን ሙሉ አዲስ አበባ የኖረ ሰው ደግሞ በሽታውን የለመደ ሰውነት የለውም።

እንደ ሕግ ሰው የሚያሳስበኝ ግን ቤት ሽጦ መሄዱ ነው። ባል አስሙ አላስቀምጥ ብሎት መውረድ ሲፈልግ፣ ሚስት ዕድሯን፣ ልጆቿንና የምትከታተልበትን ሐኪም ትታ መሄድ አትፈልግ ይሆናል። በአዲስ አበባ የሚሠራው የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68፣ የጋራ የሆነ ቤት ያለሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት እንዳይሸጥ ይከለክላል። ስለዚህ የአንዱ ጤና ብቻውን ውሳኔ ሊሆን አይችልም።

በእኔ እምነት የሚሻለው የአዲስ አበባውን ቤት አከራይቶ፣ በመረጡት ከተማ ቢያንስ አንድ ዓመት በኪራይ መኖር ነው። በጥር ወር ደስ ያሰኘ ከተማ በሚያዝያ ወበቅና ወባ በሚበዛበት በመስከረምና በጥቅምት ምን እንደሚመስል ኖሮ ማየት ያስፈልጋል። ሌሊት ሕመም ቢነሳ የልብ ሐኪም የት እንደሚገኝም አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ቤቱን ለመሸጥ ከዚያ በኋላም ይደረሳል፤ የተሸጠውን መልሶ መግዛት ግን በጡረታ ገንዘብ የሚቻል አይደለም።